ለድባቴ የሚፈላ የቻይና መድኃኒት፦ ከረጢቱ ውስጥ ምን አለ?

«ለድባቴ የሚሆነው የቻይና ዕፅ የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከመመለሱ በፊት መልሶ ይጠይቃል። ጉሮሮዎን የሚይዝዎት ነገር አለ? በቀን ውስጥ ደጋግመው በረጅሙ ይተነፍሳሉ? ከጎድን አጥንት ሥር ይወጥርዎታል? እንቅልፍ እምቢ የሚልዎት ገና ሲተኙ ነው ወይስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅተው ነው የሚቀሩት? ሆድዎስ ይደርቃል ወይስ ይላላል? ከዚያ ምላስ አውጡ ይላል፤ ቀለሙን፣ ሽፋኑን፣ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት መኖር አለመኖሩን ያያል። የሁለቱንም እጆች የልብ ትርታ በሦስት ጣት እየዳሰሰ ረጋ ብሎ ያዳምጣል።

ይህ ሁሉ ጥያቄ ለወግ አይደለም። ሆስፒታል «መካከለኛ ድባቴ» ብሎ አንድ ዓይነት ስም የሰጣቸው ሁለት ሰዎች ከቻይና ሐኪም ዘንድ የተለያየ ከረጢት ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ደረቷ ተወጥሮ በትንሹ የምትቆጣው አንድ መድኃኒት ይታዘዝላታል፤ ፊቷ ገርጥቶ፣ ምግብ አልበላ ብሏት፣ ሐሳብ እየደጋገመ የሚያደክማት ደግሞ ሌላ። ሁለቱ ከረጢቶቻቸውን ቢለዋወጡ ሁለቱም ሊብስባቸው ይችላል። ስለዚህ «የድባቴ ቅጠል» ተብሎ በአንድ ስም የሚሸጥ ነገር ሲያጋጥም፣ የመጀመሪያው የሥራ እርምጃ እንደተዘለለ ይወቁ።

በጥንቶቹ የቻይና የሕክምና መጻሕፍት የዛሬው ድባቴ በዚህ ስም አይገኝም። ቅርቡ ስም «ዩ ጀንግ» ነው። «ዩ» ማለት መታፈን፣ መቋጠር፣ መውጫ ማጣት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1281 እስከ 1358 የኖረው ሐኪም ጁ ዳንሺ መታፈንን በስድስት ከፈለው፦ የ«ቺ» (የሰውነት እንቅስቃሴ ኃይል)፣ የደም፣ የእርጥበት፣ የሙቀት፣ የአክታና የምግብ። ለዚህ ያዘጋጀው ዩዌ ጁ የተባለው ቅመም ግን አምስት ነገር ብቻ ነው ያለው፣ መጠናቸውም እኩል ነው። ሺያንግ ፉ ለቺ፣ ቹዋን ሺዮንግ ለደም፣ ጻንግ ጁ ለእርጥበት፣ ጂ ዚ ለሙቀት፣ የቦካው ሸን ቹ ደግሞ ለምግብ። ለአክታው ለብቻው የተመደበ የለም፤ የቀሩት አምስቱ ከተፈቱ አክታው የሚጠራቀምበት ምክንያት ያጣል ተብሎ ነው። የዚህ ሕክምና አካሄድ ከዚህ ትንሽ ቅመም በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቃል ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፦ «ጉበት»። በቻይና ሕክምና ጉበት የሚባለው የቺን ፍሰት የሚያቀናና ከቁጣ ጋር የተያያዘ የሥራ ክፍል ነው፤ በላቦራቶሪ ኢንዛይሙ የሚለካው ጉበት አይደለም። «የጉበት ቺ ታፍኗል» የተባለ ሰው የደም ምርመራው ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይረዱ ደንግጠው የጉበት መድኃኒት ፍለጋ የሚሄዱ አሉ፤ በተቃራኒው ጉበታቸው በእርግጥ የታመመ ሰዎች «ጉበት የሚያፍታታ» የሚል ጽሑፍ አይተው የማይስማማቸውን ይወስዳሉ።

ከሁሉ በላይ ለድባቴ የሚታዘዘው ሺያኦ ያኦ ሳን ነው፤ ትርጉሙ «እንደ ልብ የመንሸራሸር ዱቄት» እንደ ማለት ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የመንግሥት መድኃኒት ቤት ካወጣው የቅመማ መጽሐፍ የተገኘ ሲሆን ዛሬም በየዕለቱ ይፈላል። ለአንድ ቀን የተለመደው መጠን ይህን ይመስላል፦ ቻይ ሁ ከ6 እስከ 9 ግራም፣ ዳንግ ጉይ 9 ግራም፣ ባይ ሻኦ (የፒዮኒ ሥር) ከ9 እስከ 12 ግራም፣ ባይ ጁ 9 ግራም፣ ፉ ሊንግ (በጥድ ሥር ላይ የሚበቅል ፈንገስ) ከ9 እስከ 15 ግራም፣ በማር የተቆላ ጋን ጻኦ (ሊኮሪስ) ከ3 እስከ 6 ግራም፣ ዝንጅብል ሦስት ስስ ቁራጭ፣ ናና ከ1 እስከ 3 ግራም።

እያንዳንዱ የገባበት ምክንያት አለው። ቻይ ሁ የታፈነውን ይከፍታል፤ ነገር ግን የሚበትንና ወደ ላይ የሚያነሳ ነው። ለብቻው ወይም በብዛት ከተሰጠ ራስ ምታት፣ የፊት መጋልና መነጫነጭ ያመጣል ይላሉ ሐኪሞቹ፣ በተለይ ለከሳና አፉ ለሚደርቅ ሰው። ኮምጠጥ ያለው ባይ ሻኦ አብሮት የሚገባው ልጓም እንዲሆነው ነው። ዳንግ ጉይ ደምን ይመግባል። ባይ ጁና ፉ ሊንግ ሆድን ይጠብቃሉ፤ የታፈነ ጉበት ዱላውን የሚያሳርፈው ሆድ ላይ ነውና፣ ድባቴ የያዘው ሰው ምግብ የሚያስጠላውና ሆዱ የሚላላው ለዚህ ነው ይላል ትምህርቱ። ይህን አሠራር ያወቀ ሰው ከቅመሙ አንዱን «ይቅር» ብሎ በገዛ እጁ አይቀንስም።

መነጫነጩ ከበረታ፣ ዓይን ካቃጠለ፣ ምላስ ቀልቶ ቢጫ ሽፋን ካወጣ፣ ሙ ዳን ፒና ጂ ዚ (የጋርደኒያ ፍሬ) ይጨመሩበትና ጂያ ዌይ ሺያኦ ያኦ ሳን ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሻጮች የማይናገሩት ነገር አለ። ጂ ዚ ያለባቸውን ቅመሞች ለብዙ ዓመት ያለማቋረጥ በወሰዱ ሰዎች ላይ ከትልቁ አንጀት ደም የሚመልሱ ሥሮች እየጠነከሩ ካልሲየም ሲያወጡ በጃፓንና በታይዋን ሐኪሞች ተመዝግቧል። ምልክቱ የሚመላለስ የሆድ ሕመምና ተቅማጥ ነው። ለሳምንታት መውሰድና ዓመት ከዓመት መውሰድ አንድ አይደለም፤ ሙቀቱ ሲበርድ ጂ ዚ ከቅመሙ መውጣት አለበት።

ጉሮሮው ውስጥ ሊዋጥም ሊተፋም የማይችል ነገር እንደተሰነቀረ የሚሰማው፣ ሲመረመር ግን ምንም የማይገኝበት ሰው፣ የቻይና ሐኪሞች «የፕለም ፍሬ ቺ» የሚሉት ነው የያዘው። ለእሱ የሚታዘዘው ባን ሺያ ሆው ፖ ታንግ ሲሆን፣ ከዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በፊት በኖረው በጃንግ ጆንግጂንግ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ባን ሺያ፣ ሆው ፖ፣ ፉ ሊንግ፣ ዝንጅብልና ዚ ሱ ዬ ናቸው። ጥንቃቄው ባን ሺያው ላይ ነው። ጥሬው መርዛም ነው፤ እንደ መርፌ የሾሉ የኦክሳሌት ክሪስታሎች ስላሉት ምላስና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ያደነዝዛል። መድኃኒት የሚሆነው በዝንጅብልና በአሉም ወይም በሌላ ዘዴ ከታከመ በኋላ ብቻ ነው። ጉሮሮ ለማስለቀቅ የተወሰደ መድኃኒት ጉሮሮን ካደነዘዘ መጣል እንጂ መልመድ አይገባም።

ያለ ምክንያት ለሚያለቅስና እንቅልፉ ለሚቆራረጥ፣ ሦስት ነገር ብቻ ያለው ጋን ማይ ዳ ዛኦ ታንግ አለ፦ ጋን ጻኦ 9 ግራም፣ ስንዴ ከ15 እስከ 30 ግራም፣ ቀይ ጁጁቤ 10 ፍሬ። ጣፋጭ ነው፣ ምግብ ይመስላል፤ ሰው ንቀት የሚያሳየውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በቀን 9 ግራም ሊኮሪስ ቀላል መጠን አይደለም፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሐሳብ የበዛበት፣ የደከመ፣ ልቡ የሚመታበት፣ የሚረሳ፣ ምላሱ የገረጣ ሰው ደግሞ ጉይ ፒ ታንግ ይሰጠዋል፤ ጂንሰንግ፣ ሁዋንግ ቺ፣ ሎንግ ያን ሮው፣ ሱዋን ዛኦ ረንና ዩዋን ጂ ከቅመሞቹ መካከል ናቸው። ይህ የሚሞላና የሚያሞቅ መድኃኒት ስለሆነ ምላሱ ቀይ ለሆነና ለሚነጫነጭ ሰው አይሆንም። ዩዋን ጂ ሆድን ስለሚያስነሳ የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

አሁን ወደ ማሰሮው እንሂድ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ዕቃው ሸክላ፣ መስታወት፣ ኢናሜል ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። ተራ ብረት፣ መዳብና አሉሚኒየም ከዕፆቹ ታኒንና አሲድ ጋር ይዋሃዳሉ፤ ፈሳሹ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ብረት ብረት ይላል። ዕፆቹን አትጠቧቸው፤ አቧራ ካለባቸው በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አለቅልቆ ማፍሰስ ይበቃል። ከዚያ ከዕፆቹ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲሜትር እስኪሆን ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩና 30 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ቀጥታ ፈላ ውኃ የሚጨምሩ ሰዎች የሥሩን ውጪ ያበስሉታል፤ ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፣ መድኃኒቱም በደንብ አይወጣም።

በኃይለኛ እሳት አፍልታችሁ እንደገነፈለ እሳቱን ቀንሱት፤ ከድናችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይንፈቅፈቅ። ናናው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሊወርድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው። የናና ኃይሉ በሚተነው ዘይቱ ስለሆነ ከመጀመሪያው ከገባ ቤቱ ይሸታል፣ ኩባያው ውስጥ ግን ምንም አይቀርም። አጥልሉትና በዚያው ዕፅ ላይ ሌላ ውኃ ጨምራችሁ ለሁለተኛ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አፍሉ። ሁለቱን ፍል ቀላቅሉ፤ በድምሩ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ፣ ለብ እንዳለ ይጠጣል። መቀላቀሉ አስፈላጊ ነው፤ የመጀመሪያውን ጠዋት፣ የሁለተኛውን ማታ የሚጠጣ ሰው ጠዋት ብዙ፣ ማታ ትንሽ ነው የሚወስደው። ካረረ አትጠጡት፤ ውኃ ጨምሮ ማዳን የለም። የተረፈውን በማቀዝቀዣ እስከ ማግስት ማቆየት ይቻላል።

በፋብሪካ የሚዘጋጀው ደቃቅ ዱቄት ማፍላት ለማይመቸው ሰው ማሰሮውን ያስቀራል። ብዙዎቹ አምስት ግራም ዕፅ ወደ አንድ ግራም የተጨመቀባቸው ናቸው፣ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ማሸጊያው ላይ ሳያነቡ በማንኪያ መለካት ስህተት ነው። ክኒኖቹ ደግሞ መጠናቸው ለዘብ ያለ ስለሆነ ለማቆያ እንጂ ለመጀመሪያ ሕክምና ብዙ ጊዜ አይመረጡም።

ዕፁ ራሱ የተባለው ነው ወይ? ይህ ጥያቄ ሰው ገድሏል። ሁለት አጋጣሚ ማየት ይበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራሰልስ ውስጥ ለማክሳት በተሰጠ ቅመም ላይ ፈን ፋንግ ጂ በሚባለው ዕፅ ምትክ ስሙ የሚመሳሰል ጉዋንግ ፋንግ ጂ ገባ፤ ውስጡ ባለው አሪስቶሎኪክ አሲድ የብዙ ሴቶች ኩላሊት ከሥራ ውጪ ሆነ፣ በሽንት ቱቦ ላይም ካንሰር ተከተለ። ለ«ጉበት እሳት» የሚሰጠው፣ ለሚቆጡና እንቅልፍ ላጡ ሰዎች የሚታዘዘው ሎንግ ዳን ሺዬ ጋን ደግሞ ያንኑ አሲድ በያዘ ጉዋን ሙ ቶንግ ይዘጋጅ ነበር፤ ቻይና ይህን ዕፅ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ቻይ ሁም ቢሆን መርዛም ዘመድ አለው፤ ዳ ዬ ቻይ ሁ የተባለው ትልቅ ቅጠል ያለው ዓይነት በቻይና ይፋዊ የመድኃኒት መጽሐፍ በቻይ ሁ ምትክ እንዳይገባ በግልጽ ተከልክሏል። ከሚያረጋጉት መካከል ጁ ሻ የተባለው ቀይ ዱቄት የሜርኩሪ ሰልፋይድ ነው፤ በክኒን መልክ ዛሬም ስለሚገኝ ለእንቅልፍ ተብሎ የተሰጠ ክኒን ላይ ይህን ስም ካያችሁ አትውሰዱት። ለእንቅልፍ የሚጨመረው ዬ ጂያኦ ተንግም ጉበትን በብርቱ ሊጎዳ ከሚችለው ሄ ሾው ዉ ጋር የአንድ ተክል ክፍል ነው።

በእጅ የሚለይም ነገር አለ። ባይ ሻኦ ነጣ ብሎ ግን ሐመር መሆን አለበት፤ እንደ ኖራ ካበራና አፍንጫ የሚወጋ ኮምጣጣ ሽታ ካለው በድኝ ጢስ ታጥኗል። ዳንግ ጉይ ሲሰበር ዘይታም፣ ሽታው ከሩቅ የሚሰማ ነው፤ ሽታ አልባ ከሆነ አርጅቷል።

ወደ ሊኮሪሱ ልመለስ። በውስጡ ያለው ግሊሲሪዚን ኮርቲዞል በኩላሊት ውስጥ እንዳይሰበር ያደርጋል፤ ኮርቲዞሉም እንደ አልዶስተሮን (ሰውነት ጨው እንዲይዝ የሚያደርግ ሆርሞን) ይሠራል። ውጤቱ ጨውና ውኃ መያዝ፣ የደም ግፊት መጨመር፣ ፖታሲየም መውረድ ነው። እግር ያብጣል፣ ጡንቻ ይደክማል፣ ልብ ይዛባል። ሲታሎፕራም ወይም ኤስሲታሎፕራም የተባሉትን የድባቴ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይደራረባል፤ እነዚህ መድኃኒቶች የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያራዝሙ ስለሚችሉ፣ ፖታሲየም ሲወርድ አደገኛ የምት መዛባት ይቀርባል። አስቸጋሪው ነገር ጋን ጻኦ በአብዛኛው ቅመም ውስጥ መኖሩ ነው። ሁለት ቅመም የሚወስድ ሰው ሳያውቀው እጥፍ ይወስዳል። ስለዚህ የሁሉንም ግራም ደምሩ፣ የደም ግፊት በየሳምንቱ ለኩ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነ ፖታሲየም ይታይ።

ዳንግ ጉይና ቹዋን ሺዮንግ ደም የሚያንቀሳቅሱ ናቸው፤ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ከሚወስድ ሰው ጋር አይገጥሙም። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች ራሳቸው የመድማት ዝንባሌን ጥቂት ስለሚጨምሩ፣ ድድ ሲደማ ወይም ያለ ምክንያት ሰውነት ሲበልዝ ቸል አይባልም። ሱዋን ዛኦ ረን ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲገጥም ድብታውን ያከብደዋል። ሊቲየም (ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ውኃና ጨው የሚያንቀሳቅስ ማንኛውንም ቅመም ያለ ሐኪሙ ዕውቀት እንዳይጀምር። ጂንሰንግ ደግሞ ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜት መነሳሳት) ሊገፋው ይችላል፤ ቀድሞ እንቅልፍ ሳያስፈልገው ጉልበት የሞላበት ወቅት የነበረ ሰው ይህን መደበቅ የለበትም።

ከሁሉ በላይ ግን ሹ ጋን ጂዬ ዩ የሚባለው ካፕሱል ይለይ። ስሙ ጥንታዊ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሃይፐሪከም (ሴንት ጆንስ ዎርት) እና ጺ ዉ ጂያ (የሳይቤሪያ ጂንሰንግ የሚባለው) ናቸው፤ በቻይና ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ የተፈቀደ ነው። ሃይፐሪከም ከድባቴ መድኃኒት ጋር ሲደረብ ሴሮቶኒን (ስሜት ላይ ከሚሠሩት የአንጎል ኬሚካሎች አንዱ) ከልክ በላይ ሊጨምር ይችላል፦ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ መቅበዝበዝ፣ የልብ መፍጠን። ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። በተጨማሪም የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃቃ የእርግዝና መከላከያ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ዋርፋሪንና የተተከለ አካል የሚጠብቀው ሲክሎስፖሪን ከደም ውስጥ ቶሎ እንዲወጡ ያደርጋል።

ይሠራል ወይ? በሺያኦ ያኦ ሳንና ቻይ ሁ ባለበት ሌላ ቅመም፣ በቻይ ሁ ሹ ጋን ሳን ላይ ብዙ ሙከራዎች ቻይና ውስጥ ተደርገዋል። ዕፁ ከተለመደው መድኃኒት ጋር ሲጨመር የድባቴ መለኪያው ነጥብ መድኃኒቱ ብቻውን ከሚያወርደው በላይ መውረዱን የሚያሳዩ ይበዛሉ። ሆኖም አብዛኞቹ ትናንሽና አጫጭር ናቸው፤ ታካሚውም ሐኪሙም የትኛውን እንደያዙ ያውቁ ነበር። መራራ ቡናማ ፈሳሽን የሚመስል ባዶ ፈሳሽ ማዘጋጀት ራሱ ከባድ ሥራ ነው። እኔ ከዚህ የምይዘው፣ ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ እንደ ተጨማሪ ሊሞከር የሚገባው መሆኑን ነው፤ የተለመደውን ሕክምና ይተካል የሚል ማስረጃ ግን አይደለም። የሚወሰደውን ክኒን በድንገት አቁሞ ወደ ዕፅ መዞር ማዞር፣ መረበሽ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜትና የሕመሙ መመለስን ሊያስከትል ይችላል። የሚቆም ከሆነ ከሐኪም ጋር ሆኖ ቀስ በቀስ ነው።

ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ፣ መብላት ያቆመ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ማሰሮ መጣድ አያስፈልገውም፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ዕፁ ጊዜ ይፈልጋል፣ ይህ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም።

ለሌላው፣ ከመጀመሩ በፊት ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድባቴ መጠይቅ (PHQ-9) ይሙላ፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው። 10 ሲደርስ መካከለኛ፣ 20 ሲደርስ ከባድ ይባላል። በየሁለት ሳምንቱ ይደገም፣ ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ለብቻው ይታይ። ጥሩ ሐኪም የሰባት ቀን ከረጢት ሰጥቶ መልሶ ያያል እንጂ የሦስት ወር አያስታቅፍም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሻሻለው እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ነው፤ በአራት ወይም በስድስት ሳምንት ነጥቡ ካልተነቃነቀ ቅመሙ ወይም ምርመራው ተሳስቷል። ሽንት ሲጠቁር፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን ወይም ቆዳ ሲያሳክክ ወዲያው ይቁምና የጉበት ምርመራ ይደረግ።

ከረጢቱ ከመፍላቱ በፊት ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱት። የእያንዳንዱን ዕፅ ስም በቻይንኛ ፊደልና በላቲን የሳይንስ ስሙ፣ ከነግራሙ አስጽፉ። በድምፅ ብቻ «ፋንግ ጂ» ወይም «ሙ ቶንግ» ማለት በቂ አይደለም፤ ከላይ ያየናቸው ኩላሊቶች የጠፉት በዚህ ዓይነት መመሳሰል ነው። ያንን ወረቀት የሥነ አእምሮ ሐኪሙም፣ ፋርማሲስቱም፣ ቀዶ ሕክምና ካለ ሰመመን ሰጪውም ማየት አለባቸው።